እየጠሩ የሚጫወቱት ዶሚኖ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ፣ በአንድ የዘይትና የዱቄት መደብር በር ላይ፣ ዶሚኖ መጫወት እንዴት እንደተማርኩ የሚናገር ነው። ዶሚኖን ደግሞ ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። ጁባ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ስንት የሚጻፍ ነገር አለ። ቢሆንም ያስተማሩኝ ሰው አሁን የሉም፤ አጨዋወታቸውንም ከሦስት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ወሬውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሳይመንት እየሠራሁ ሳለ ደወለች።

"ሐጂ ኑርዬ ወደ አኼራ ሄዱ" አለችኝ። "ዛሬ ጠዋት፣ ደሴ። ልጃቸው ለሰዒድ ደውሎ ነገረው።"

"እሺ" አልኳት።

"ሰማሽኝ ሐያት?"

"ሰምቻለሁ።"

"ኢና ሊላሂ በያ ታዲያ!"

አልኩ። ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን አንቀጽ ጨረስኩ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን ጻፍኩ። ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። ምንም አልመጣም። አሁንም አልመጣም።

ሐጂ ኑርዬን በቅርብ ያወቅኋቸው ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ በምጠብቅበት ጊዜ ነው። እናቴ ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ ትሸጣለች። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ድንበር ከተማዋ ኒሙሌ ሲመላለስ እኔ አግዛታለሁ። ሐጂ ጎረቤታችን ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ደቡብ ሱዳን ነጻ ከመውጣቷ በፊት ነው ጁባ የገቡት። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ሽርጣቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማትለይ። መደብራቸው ውስጥ ዕቃው ሁሉ የተመደበ ቦታ ነበረው። የዘይት ጀሪካን በግራ፣ የዱቄት ጆንያ በቀኝ፣ ሚዛኑ መሐል ላይ። አብሯቸው የሚሠራው ሰዒድ አንድ ጆንያ ከመስመር ካስወጣ ይቆጡት ነበር።

ደንበኛ ሲመጣ ቀድመው አይናገሩም። ሰውየው "ሳላም" እስኪል ይጠብቁና ከዚያ በስሙ ይጠሩታል። "አህላን ጀምስ! ልጅህ ዳነ?" ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ትልቁ ልጃቸው ከማል ከደሴ ይደውላል። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ስለሚያወሩበት ሰፈርተኛው ሁሉ ይሰማዋል።

"አባ፣ ዐይንዎ እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ። ገበያው እንዴት ነው?"

"መነጽሩ ረዳዎት?"

"መነጽሩ ደኅና ነው። ልጆቹስ?"

"አባ፣ ከደከመብዎ ይንገሩኝ። መጥቼ ነው የምወስድዎት። ዐይን የሌለው ሰው ብቻውን እዚያ አገር አይኖርም።"

"እሺ፣ ሰላም በልልኝ ቤቱን" ብለው ይዘጋሉ።

አንድ ዓርብ እንዲሁ ከዘጉ በኋላ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲያው ሲናገሩ ሰማኋቸው። "ደሴን ስወጣ ዐይኔን ይዤ ነው የወጣሁ። እዚያ በጨለማ መሄድ አልተማርኩም" አሉ። "ጁባን ነው የተማርኳት።" ስለ እርጅና የሚናገሩ መሰለኝ። ደሴ መሄድ አለመፈለጋቸውን ግን ማንም አይስተውም ነበር።

የዶሚኖው ጠረጴዛ ከመደብራቸው ፊት፣ በሸራው ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። አራት ወንበር ነበረው። በአንዱ ሐጂ፣ በአንዱ ሰዒድ፣ በአንዱ ጋትዌች ይቀመጣሉ። ጋትዌች ፊት ለፊታችን ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። ኑዌር ነው፤ ያደገው ጋምቤላ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ አማርኛም የለመደው እዚያ ነው። ሲቀልድ በአማርኛ፣ ሲናደድ በኑዌር፣ ዋጋ ሲከራከር በጁባ ዓረብኛ ያወራል። አራተኛው ተጫዋች ወደ ዋው ከተማ ተዛውሮ ወንበሩ ባዶ ነበር።

"ሐያት፣ ነይ ተቀመጪ" አሉኝ ሐጂ። "ወንበር ባዶ ከዋለ ጨዋታው ያኮርፋል።"

እናቴ ከውስጥ ሰምታ "ኧረ ሐጂ፣ ልጅቱን ቁማርተኛ ሊያደርጉብኝ ነው!" አለች።

"ምን ቁማር አለ? የተሸነፈ ድንጋዩን ይለቅማል፣ አለቀ።"

"ተያት እትዬ ዘሀራ" አለ ጋትዌች። "እኔ አለሁ አይደል? ማንም ተጫወተ ማን የምለቅመው እኔ ነኝ።"

ድንጋይ የሚሉት የዶሚኖውን ቁራጭ ነው። ትምህርቱ አጭር ነበር። ድንጋዮቹ ተደፍተው ይበወዛሉ፤ እያንዳንዱ ሰባት ያነሣል። ድርብ ስድስት የደረሰው ይጀምራል። ከዚያ ቁጥርን ከቁጥር እያገጣጠሙ መቀጠል ነው። የሚገጥም የሌለው ጠረጴዛውን አንኳኩቶ "ማፊ" ይላል፤ በጁባ ዓረብኛ "የለም" ማለት ነው፤ ተራውም ያልፈዋል። ቀድሞ እጁን ባዶ ያደረገ ያሸንፋል።

"ከባዱን፣ ነጥብ የበዛበትን፣ ቶሎ ጣይ" አሉኝ ሐጂ። "ሰው ከባዱን አቅፎ እንደያዘ ነው ጨዋታው የሚያልቅበት።"

"እሺ።"

"ስታስቀምጪ ደግሞ ትጠሪያለሽ። በየትኛው እንደገባሽ፣ ምን እንደከፈትሽ። 'በስድስቱ ገባሁ፣ ሁለት ከፈትኩ' ትያለሽ።"

"ካልጠራሁስ?"

"ሳይጠሩ ማስቀመጥ ሰው ቤት ሳያንኳኩ መግባት ነው።"

ጥሩ ተማሪ መባል እወዳለሁ። ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ አጠራሩን ተለማመድኩ። በማግስቱ ጥርት አድርጌ ስጠራ ሐጂ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው "ማሻአላህ፣ ይቺ ልጅ ዜና አንባቢ ናት" አሉ። ደስ አለኝ። ሰዒድ ያልጎመጉማል፣ ጋትዌች እየቀለደ ቁጥሩን ያዛባል፤ እኔ ግን አንድም ጊዜ አላዛባሁም።

ሐጂ ሲጫወቱ ድንጋዮቻቸውን በግራ መዳፋቸው ደርድረው ይይዙና በቀኝ አውራ ጣታቸው ነጥቦቹን ይዳስሳሉ፣ የሙስበሃ ጠጠር እየቆጠረ ዚክር እንደሚያደርግ ሰው። ዐይናቸው ድንጋዩ ላይ አይደለም፤ ወደ ተናጋሪው ነው። ሲያሸንፉ ምንም አይሉም። ሲሸነፉ "አልሐምዱሊላህ፣ ለሌላውም ደረሰው" ይላሉ።

"ሐጂ፣ ዛሬ ድንጋዮቹ አኮረፉዎት!" ይላል ጋትዌች።

"ድንጋይ አያኮርፍም። የሚያኮርፍ ደንበኛ ነው። የዚያችን ሴትዮ ስልክ መለስክላት?"

"ከላስ ሐጂ፣ እሱ ወሬ ይቅር!"

"በስንተኛው ወር ልትመልስላት ነው?"

"ሐጂ፣ ተራዎ ነው። ይጫወቱ በአላህ!"

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረም። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር የክፍላችን ልጆች ዶሚኖ ሲጫወቱ አየሁ፤ እችላለሁ ብዬ ተቀላቀልኩ። ተራዬ ሲደርስ ድንጋዬን አስቀምጬ፣ ጥርት አድርጌ፣ በየትኛው እንደገባሁና ምን እንደከፈትኩ ጠራሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። በሁለተኛው ዙርም ጠራሁ። ያን ጊዜ ሳቁ። አንዱ ልጅ "ለማን ነው የምታነቢው? ሁላችንም እያየን ነው እኮ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሬዲዮ ሆነ። አሁንም በኮሪደር ሳልፍ "ያ ሬዲዮ፣ ኢታ ኬፍ?" ይሉኛል፤ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው።

በሳምንቱ ኮንዮ ኮንዮ ሄጄ ይህንን ለጠረጴዛው እንደ ቀልድ አወራሁት።

"ሐጂ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንም አይጠራም። 'ሁላችንም እያየን ለማን ነው የምታነቢው' ብለው ሳቁብኝ።"

ሰዒድ ያለ ምክንያት ከወንበሩ ተነሣ። የጋትዌች ጫማ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። የሐጂ አውራ ጣት ድንጋዩ ላይ ቆመ።

"ችኩል ልጆች ናቸው" አሉ ሐጂ። "ተራው የማን ነው?"

የሳቸው ነበር።

በኋላ ጋትዌች ጋ ሄድኩ። አንድ ስልክ ፈትቶ በመርፌ ነገር ውስጡን ይነካካ ነበር። ቀና ሳይል ነገረኝ። ሐጂ ከአምና ጀምሮ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ሰዒድ ካምፓላ ወስዷቸው ነበር፤ የጠፋው አይመለስም ተብለዋል።

"የመጥራቱን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው?"

"ማንም አላወጣውም። አንድ ቀን ሐጂ ድንጋይ ይዘው ቆዩ፣ ቆዩ፣ አላስቀምጥ አሉ። በማግስቱ ሰዒድ ሲያስቀምጥ ጠራ። እኔም ጠራሁ። እሳቸውም ጠሩ። በቃ።"

"ተነጋግራችሁበት?"

"ምን ብለን?" ቀና አለ። "ስሚ፣ ሐጅ ያደረገ ሰው አይዋሽም። እኛ ካወራነው፣ ዓርብ ልጃቸው ሲጠይቃቸው ምን ይበሉ? ያልተወራ ነገር ግን መልስ አያስፈልገውም። አንቺ እንደ ድሮሽ ጥሪ።"

እንደ ድሮዬ ጠራሁ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ፤ በኋላ ለመድኩት።

ጥር ላይ ከማል ደወለ። ከጁባ ወደ ደሴ የተመለሰ ሰው የሆነ ነገር ነግሮታል።

"ሐሙስ እመጣለሁ አባ። በዐይኔ አይቼዎት እመለሳለሁ።"

"ና" አሉት ሐጂ። "ከዐስር ሶላት በኋላ እንጫወታለን፤ ቁጭ ብለህ ታየናለህ።"

ለምን እንዲህ እንዳሉ ሦስታችንም ገባን። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያያቸው ሰው አያዩም ብሎ አያስብም። ምንም አልተመካከርንም። ሐሙስ ዕለት ሰዒድ ጆንያዎቹን መስመር አስያዘ። ጋትዌች ሱቁን ቀድሞ ዘጋ። እኔ ክፍል ትቼ በቦዳቦዳ ሞተር መጣሁ።

ከማል ወፈር ያለ፣ ፊቱ የዋህ ሰው ነው። ከሩቅ ሲያያቸው ዕንባው መጣ፤ ሐጂ ግን ድምፁን እስኪሰሙ ቆመው ጠበቁት። "አባ!" ሲል እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ መደብሩን አስጎበኙት። "ይሄ ዘይቱ፣ ይሄ ዱቄቱ፣ ይቺ ደረጃ ተሰብራ አሠራኋት" እያሉ ምንም ሳይነኩ፣ ምንም ሳይነካቸው ዞሩ። የከማል ፊት ሲፈታ አየሁት።

"ሰው የነገረኝ ሌላ ነበር አባ።"

"ሰው የማይለው ምን አለ።"

እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር። ለከማል ከጎን መቀመጫ ዱካ አምጥተንለት ነበር። ልንጀምር ስንል ሰዒድ ብድግ አለ።

"ኧረ እንዴት ተደርጎ! እንግዳ ዱካ ላይ ተቀምጦ እኔ ወንበር ላይ? ቁጭ በል፣ አንተ ተጫወት!"

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። እጁ ወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳለ ቀረ።

ከማል "የለም፣ የለም፣ አይሆንም፣ ተጫወት" ብሎ ተግደረደረ። እዚህ ላይ ሰዒድ ዝም ቢል ያበቃ ነበር። ግን እንግዳ ሲግደረደር ዝም አይባልም። "በአላህ ቁጭ በል" አለ ሰዒድ፤ ድምፁ ደክሞ ነበር። ከማልም "እንግዲህ ካስቸገርከኝ" ብሎ ተቀመጠ። ቦታው ከሐጂ በፊት የሚጫወተው ሰው ቦታ ነው።

"በእኛ ጠረጴዛ እየጠራን ነው የምናስቀምጠው" አለው ጋትዌች ቶሎ ብሎ።

"ምነው፣ ዐይን የለንም እንዴ?" ብሎ ከማል ሳቀ።

ቀድመው የሳቁለት ሐጂ ናቸው። እኛም ሳቅን።

ጋትዌች በድርብ ስድስት ጀመረ። ከማል ድንጋዩን ዝም ብሎ አስቀመጠ። የሐጂ ጣት ቆመ።

"በስድስቱ ገብተህ አምስት ብቻ ከፈትክ?" አለ ጋትዌች። "የደሴ ሰው ቸር ነው ሲባል ሰምቼ!"

ከማል ሳቀ። ሐጂ በአምስቱ ገቡ፣ ጠሩም። በሁለተኛው ዙር ከማል ዝም ብሎ ሲያስቀምጥ ከኋላ የቆመው ሰዒድ "ሁለት! ሁለት አመጣ!" አለ፣ እንደ ተመልካች። ይህም አለፈ።

በሦስተኛው ዙር ጋትዌች "አንድ ከፈትኩ፤ በዚያኛው ጫፍ ሦስት ነው" ብሎ እንዳስቀመጠ ያቺ የስልክ ሴትዮ መጣች። "ወይኑ ተለፎን ታኢ?" ብላ ስልኳ የት እንዳለ ጮኻ ጠየቀችው፤ ጋትዌች ዘወር አለ። በዚያው ቅጽበት ሰዒድን ደንበኛ ወደ ውስጥ ጠራው። ከማል ሦስቱ ላይ ሦስትና አራት ያለበትን ድንጋይ አስቀመጠ፤ ዝም ብሎ። ቀሪዋ እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ እንደ ጋትዌች የሚቀልድ አፍ የለኝም። ምን ብል ቀልድ እንደሚመስል ሳስብ ሐጂ ገምተው አስቀመጡ።

"በሦስቱ ገባሁ፣ ባዶ ከፈትኩ።"

ሦስቱ ግን ተዘግቷል። ድንጋያቸው አራቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሦስት ከአራት ጎን። ልጅም ቢያየው ስሕተት ነው።

ከማል ድንጋዩን አየ። እኔ ደግሞ ከማልን ላለማየት ድንጋዮቼን አየሁ። ባዶ ያለበት አንድ ነበረኝ። "በባዶው ገባሁ፣ አምስት ከፈትኩ" አልኩ፣ ጥርት አድርጌ። ጋትዌች ተመለሰ፣ ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ እሱም "በአምስቱ ገባሁ፣ ሁለት ከፈትኩ" አለ።

ተራው የከማል ነበር። አሁን የሚያየው የአባቱን ፊት ነው። ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ጋትዌች ሲናገር ወደነበረበት ዞሮ ቀርቷል። ከማል ድንጋዩን ይዞ ቆየ። ሲያስቀምጠው ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"በሁለቱ ገባሁ፣ አባ። አራት ከፈትኩ።"

ክፋት አልነበረበትም። ደግነት ነው። እኛ ስናደርግ የኖርነውን ነው ያደረገው። ነገር ግን መጀመሪያ "ዐይን የለንም እንዴ" ብሎ የሳቀ ሰው አሁን ከጠራ፣ ለምን እንደጠራ ሐጂ አወቁ።

አውራ ጣታቸው በቀሩት ድንጋዮች ላይ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደፉ።

"ከማል።"

"አቤት አባ።"

"የምትመለስበት አውሮፕላን መቼ ነው?"

"እሑድ።"

"ለእኔም ቦታ እንዳለው ጠይቅ።"

ሴትዮዋ አሁንም ስለ ስልኳ ትጮህ ነበር፤ ጋትዌች ግን አይሰማትም።

"ዛሬ የተሸነፍኩ እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ። "ሐያት ትልቀምልኝ።"

ድንጋዮቹን ወደምናስቀምጥበት የወተት ጣሳ ስመልስ የሳቸውን ገልብጬ አየሁ። ከመሐላቸው ድርብ አራት ነበረ። መግባት ይችሉ ነበር።

እሑድ ከመደብሩ በር እስከ መኪናው ድረስ ብቻቸውን ሄዱ። መኪናው በር ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ለከማል ሰጡት።

ጠረጴዛው አልተነሣም። መደብሩን ሰዒድ ያዘ። ሦስታችን መጫወት ቀጠልን፣ ሦስታችንም እናያለን፣ ግን እንጠራ ነበር። ዓርብ ሲሆን ሰዒድ ወደ ደሴ ይደውልና ስልኩን ባዶው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ሐጂ እያዳመጡ ጣልቃ ይገባሉ።

"ሐያት ድርብ አምስትን አቅፋለች። ጣይው አንቺ ልጅ!"

"እንዴት አወቁ?"

"ስትደብቂ ድምፅሽ ይቀጥናል።"

ጋትዌች "ሐጂ፣ ከደሴ ሆነው እንኳን ያስለቅሙኛል!" ይል ነበር። ደሴ እንዴት እንደሆነ ስንጠይቃቸው "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ከማል ለሰዒድ ሲነግረው፣ ከክፍላቸው አይወጡም፤ እስከ መታጠቢያው ድረስ እንኳ እየመሩ ነው የሚወስዷቸው። ዶሚኖ ገዝቶላቸው ነበር፤ አልነኩትም። በኋላ በኋላ ስልኩ ላይ ማዳመጥ ብቻ ሆነ። መኖራቸውን የምናውቀው በትንፋሻቸው ነበር።

ከዚያ ረቡዕ እናቴ ደወለችልኝ።

በማግስቱ መደብሩ ፊት ለለቅሶ የመጣው ሰው ከዐስር በኋላ ሲበታተን ሦስታችን ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥን። ማን ጣሳውን እንዳመጣው አላስታውስም። ዝናብ ስለነበረ ሸራው ውኃ ቋጥሯል። ሰዒድ በወዘ፤ አነሣን። ጋትዌች ድርብ ስድስትን አስቀመጠ። አልጠራም። ሰዒድ አየውና የራሱን አስቀመጠ፤ እሱም አልጠራም።

ተራዬ ደረሰ። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ዝም ብዬ አስቀመጥኩ። ድንጋይ ጠረጴዛ ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ በላዩ ላይ እንናገር ነበር።

እስኪያልቅ እንዲሁ ተጫወትን። ጋትዌች ተሸነፈ፤ ድንጋዮቹንም ለቀመ። ግንቦት ዐሥራ አራት ቀን፣ ሐሙስ ነበር።